ሐብሐብና አይብ፦ ከየት መጣ?

ባለፈው የቡና ዕለታችን አንዲት አባል ሐብሐብ በትንንሹ ቆርጣ፣ ነጭ አይብ ፈርፍራ፣ ናና ነስንሳበት አቀረበች። አብዛኞቻችን ወደድነው። ከቤሩት የተመለሱት ሦስት እህቶቻችን ግን አልነኩትም። አንዷ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቆርጬ አቅርቤአለሁ። አንድም ቀን ተቀምጬ አልበላሁትም» አለችን። በምሳ መሸጫችን ላይ ይህን ሰላጣ እንጨምረው ወይስ እንተወው የሚለው ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። ከመወሰናችን በፊት የምግቡን ታሪክ ጠይቀን ለመረዳት ተስማማን። የደረስንበትን ለሁላችሁም እነሆ።

ሐብሐብ የባሕር ማዶ ፍሬ ይመስለን ነበር። የዘሩ ሐረግ ግን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን ይመራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዛሬ ከምንበላው ሐብሐብ ጋር በዘር እጅግ የሚቀራረበው በኮርዶፋን የሚበቅለው፣ ውስጡ ነጣ ያለና የማይመር ሐብሐብ ነው። የጥንት ግብፃውያንም ያውቁት ነበር፤ በንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ዘሩ ተገኝቷል። ሐብሐብ ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ ውኃ ነው። ሳይቆረጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ በደረቅ አገር እንደ ውኃ እንስራ ያገለግል ነበር። ውስጡ ቀይና ጣፋጭ የሆነው ዓይነት በ14ኛው መቶ ዘመን በጣልያን በተዘጋጁ የጤና መጻሕፍት ሥዕሎች ላይ ይታያል።

ስሙም ታሪክ አለው። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሆነው የግብፅን ምግብ ሲያስታውሱ ከሚጠሯቸው አንዱ በጢኽ ነው። በቤሩት ገበያ ሐብሐብ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሐብሐብ የምንለውን ቃል ደግሞ ጂዳ የሠሩ እህቶቻችን በሳዑዲ ሱቆች ሰምተውታል። ስለዚህ ፍሬውም ሆነ ስሞቹ ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ የኖሩ ናቸው።

አይቡ ከእረኞች የመጣ ነው። በግሪኩ የሆሜር ታሪክ ኦዲሲ ውስጥ አንድ ዓይና ግዙፍ እረኛ የበግና የፍየል ወተት አርግቶ በቅርጫት ሲያጠልል እናገኘዋለን። በሜዲትራኒያን ዙሪያ በጋው ደረቅና ሞቃት ስለሆነ አይብ ሳይበላሽ እንዲቆይ በጨው ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። የግሪኩ ፌታ እንዲህ ሆኖ ቢያንስ ሁለት ወር ይቆያል። ቤሩት የምናውቀው ዓካዊ የተባለው አይብም ጨዋማ ነው፤ ከመቅረቡ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ውኃውን እየለወጥን ጨዉን እናወጣለት ነበር።

እንግዲህ ሁለቱ ለምን ተገናኙ? መልሱ የበጋ ሥራ ነው። ከቱርክ እስከ ግብፅ ድረስ ሐብሐብ፣ ጨዋማ አይብና ዳቦ ቀላል የበጋ እራት ነው። እሳት አይፈልግም፣ ድስት አያስነካም። ቀኑን በፀሐይ ሲያልበው የዋለ ሰው ውኃም ጨውም ከሰውነቱ ወጥቷል፤ ሐብሐቡ ውኃውን፣ አይቡ ጨውን ይመልስለታል። ትንሽ ጨው ደግሞ የፍሬውን ጣፋጭነት ያጎላዋል። በዘመናዊ ምግብ ቤቶች የወይራ ዘይትና ሽንኩርት ተጨምሮበት በውድ ዋጋ የሚሸጠው ሰላጣ መሠረቱ ይኸው የሠራተኛ እራት ነው።

ይህን ስንሰማ ያቺ እህታችን ዝም አለች። ቆይታም፣ «ማዳሟ ሁልጊዜ ይህ የእኛ የቤት ባህል ነው ትለኝ ነበር። የደከመው ሰው ምግብ መሆኑን ግን አልነገረችኝም» አለች። ቀጥላም አይብ በስንት ሰዓት ጨዉ እንደሚለቅ፣ ሐብሐብ በጣት ተመትቶ በድምፁ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ናና መቼ እንደሚጨመር አስረዳችን። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የቤሩት ወደብ ፍንዳታ ደርሶ ብዙ እህቶች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ «ምን ሙያ አለሽ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ምንም፤ ሰው ቤት ነበርኩ» ይሉ ነበር። ያን ቀን ግን ሙያው ፊት ለፊታችን ተዘርግቶ አየነው።

ሌሎች ሕዝቦች እንዲህ ያለውን የእጅ ዕውቀት አይተዉትም። ግሪኮች ፌታ የሚለው ስም በአገራቸው ለሚሠራው አይብ ብቻ እንዲውል ብዙ ተከራከሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ስሙን ሲያስከብርላቸው እንደ ዴንማርክ ያሉ አገሮች ቢቃወሙም ፍርድ ቤቱ በ2005 አጸናላቸው። ቆጵሮስም ለሃሉሚ አይቧ ይህንኑ በ2021 አግኝታለች። እረኞችና እናቶች ያቆዩት ዕውቀት ተጽፎ ስለተገኘ መብት ሆነ። የእኛ ግን በቃል ብቻ ስላለ ከባለቤቷ ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ውድ የውጭ አይብ መግዛት አያስፈልገንም። የእኛ አይብ ከአሬራ በእሳት የሚወጣ ስለሆነ ከፌታ የለሰለሰና ጨው የሌለው ነው። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረን፣ ክብደት ጭነንበት አጓቱ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ቦታ ካሳደርነው ይጠነክራል፤ ከዚያ ጨው እንጨምርበታለን። ሐብሐቡን አቀዝቅዘን በጉርሻ ልክ እንቆርጣለን፤ አይቡን በላዩ ፈርፍረን፣ ሎሚ ጨምቀን፣ ናናውን በእጅ በጥሰን እንነሰንሳለን። ካለ ትንሽ የወይራ ዘይት። የሚሠራው ሊበላ ሲል ነው፤ ከቆየ ሐብሐቡ ውኃ ይተፋል። የተረፈውን ለነገ አናቆይም።

አንድ ነገር አለ። እነሱ ይህን የሚበሉት በሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ለእኛ የዝናብና የብርድ ወር ነው። የእኛ ሙቀት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቢሆንም ያኔ ብዙዎቻችን ጾም ላይ ነን። ስለዚህ በጾም ወራት ሐብሐቡን በሎሚ፣ በናናና በቁንጥር ጨው እናቀርባለን፤ አይቡን ከፋሲካ በኋላ እንጨምራለን።

ውሳኔያችን ይህ ነው፦ ሰላጣው በምሳ መሸጫችን ላይ ይኖራል። ማንም አባል ግን እንድትሠራው አትገደድም፤ ትዝታው የሚከብዳት እህት ሌላ ሥራ ትወስዳለች። የምትሠራው ደግሞ ቆርጣ ከማቅረቧ በፊት የራሷን ድርሻ በሳህን አስቀምጣ፣ ተቀምጣ ትበላለች። ይህን ደንብ ያቀረበችው ያቺ እህታችን ናት።

ውድ እህቶች፣ በሰው ቤት የተማራችሁትን ሙያ ሁሉ ጻፉልን። መጻፍ የሚከብዳት ትንገረን፤ እኛ እንጽፍላታለን።