የተሞረደ ካምሻፍት፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሞተር ጥገና ታሪክ



ዛሬ ስለ ነገሥታትም ሆነ ስለ ጦርነት አልናገርም። የምናገረው ወደ አንድ ክንድ ስለሚጠጋ የብረት ዘንግ ነው። ካምሻፍት ይባላል። በሞተር ውስጥ እየተሽከረከረ በእንቁላል ቅርጽ በተሠሩ ጉብታዎቹ ቫልቮችን በየተራ ይከፍታል። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር እርሱ አንዴ ይዞራል፤ ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በአንድ ሰዓት ውስጥ 90,000 ጊዜ ይከፈታል። ጉብታው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢበላ ሞተሩ በሚገባ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ዳገት ላይ የሚያቃስት መኪና ይሆናል።

ለዚህ ታሪክ የተደራጀ መዝገብ ቤት የለንም። ያለን ሰነድ የጋራዡ ቋንቋ ነው። «ጋራዥ» እና «ሾፌር» የፈረንሳይኛ ቅርሶች ናቸው፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድም የፈረንሳዮች ሥራ ነበር፤ አዳማም በዚሁ መሥመር ላይ ያደገች ከተማ ናት። «ቶርኖ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ቴስታታ»፣ «ዳዶ»፣ «ሞርሳ»፣ «ካቻቪቴ» ደግሞ ጣሊያንኛ ናቸው። የ1928–1933 ዓ.ም. ወረራ አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ሄደ፤ የመሣሪያ ስሞቹ ግን ከእኛ ጋር ቀሩ። ወደ አሰብ ይመላለስ የነበረውን ፊያት 682 ዛሬም ሽማግሌዎቻችን «ኤንትሬ» ይሉታል። ካምሻፍት ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የሚጠራው። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ ዳዶና ሞርሳን ማንኛውም የጋራዥ ልጅ ቀን ከሌት ይጨብጣቸዋል፣ ካምሻፍት ግን ሞተር ተፈትቶ ካልታየ በቀር አይነሳም። ግምቴ ነው፤ የቋንቋ ባልደረቦቼ ያርሙኝ።

ወደ ሙያው ልግባ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሆነ በኋላ የተከተሉት የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ያለ ራሳቸው የማሽን ጥገና ክፍል ሊኖሩ አይችሉም ነበር። የአዳማ የቶርኖ ሙያ በነዚህና በባቡሩ ጎን እንዳደገ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ክራንክሻፍት መሞረድ ከቶርኖ ባለሙያ ብዙ አይጠይቅም፤ አንጓዎቹ ክብ ናቸው፣ ለቀነሰውም ብረት በየ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ ወፈር ያለ ማቀፊያ ከገበያ ይገዛል። ካምሻፍት ግን ክብ አይደለም። ማሽኑ አርአያ የሚሆን ሌላ ካም ተከትሎ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ መሞረድ አለበት። ጉብታውም መነሻ ክቡም በእኩል መጠን ሲቀነሱ የቫልቩ ከፍታ እንደነበረ ይቆያል፤ ክቡ በማነሱ የተፈጠረው ክፍተት ደግሞ በማስተካከያ ቡሎን ይሞላል። ወሰኑ ግን የብረቱ ቆዳ ነው። ጠንካራው ገጽታ ስስ በመሆኑ ከዚያ አልፎ የተሞረደ ካም እንደ ሰም ይቀልጣል። በጣም የተበላ ከሆነ መጀመሪያ በብየዳ ተሞልቶ ነው የሚሞረደው።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ያስተማረን ላዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሊያቲ መመረት የጀመረው ይህ መኪና በመሠረቱ ፊያት 124 ነበር፤ ለሶቪየት ገበያ ሲዘጋጅ ግን ካምሻፍቱ ከብሎኩ ወጥቶ ከቴስታታው በላይ ተቀመጠ። ዘይቱ የሚደርሰው በዘንጉ ውስጥ በተቦረቦረ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በአሮጌ ዘይት አተላ ሲዘጋ ጉብታው ያለ ቅባት ይፋተጋል። በቀደሙት ሞዴሎች ይህ ብልት ቶሎ በመበላቱ በገዛ አገሩም ስም አትርፎ ነበር። የመቂን፣ የባቱንና የሻሸመኔን አቧራ ጨምሩበት፤ በተቀደደ የአየር ማጣሪያ የገባ አቧራ ዘይቱን ራሱን ወደ ሞረድ ይለውጠዋል። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር አዲስ ካም የሚጠብቅ ባለ መኪና ብዙ ይጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ መሞረድ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል።

እኔም ከነዚያ ላዳዎች አንዱን ነድቻለሁ። ካሙን አስሞረድኩ፤ ሥራው ንጹሕ ነበር፣ የቫልቩም ክፍተት በመመሪያው መሠረት 0.15 ሚሊሜትር ተደርጎ ተስተካከለ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ግን አሮጌዎቹን ሮከሮች መልሼ አስገጠምኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያ የታወቀ ኳኳታ ተመለሰ። አሮጌው ሮከር ከአሮጌው ጉብታ ጋር ተላምዶ ተበልቷል፤ አዲሱን ገጽ በጥርሱ በላው። ሌላም ስሕተት ነበረብኝ፤ የተሞረደ ካም የገባበት ሞተር ሲነሳ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከዝቅተኛ ዙር ከፍ ብሎ መሥራት አለበት፣ ዘይት በደንብ እንዲረጭለት። እኔ ግን ሞተሩን በቀስታ አስነስቼ ቆሜ አዳምጠው ነበር፤ ደግነት መስሎኝ።

አሁን ጉዳዩ ለምን አጣዳፊ ሆነ? በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ የኤክሳይዝ ታክስ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል፤ እነርሱን የሚያድሰው እጅ ግን እያረጀ ነው። ወጣቱ ወደ ኤሌክትሪክ ጥገና ማዘንበሉ ትክክል ነው፤ አልወቅሰውም። የሚያሳስበኝ በመካከል ያለው ዘመን ነው።

በዚሁ ከተማ በአንድ ቶርኖ ቤት የካም ልኬቶች በእርሳስ የተጻፉበት ዘይት የጠጣ ደብተር አይቻለሁ፤ በየአምስት ዲግሪው የጉብታው ከፍታ ተመዝግቧል። አርአያ ካሞቹ ደግሞ ከወንበር ሥር በጆንያ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ልጆቹ ሙያውን እንዳልያዙ ነገሩኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አነጋግሩኝ፤ ደብተሩን ፎቶ ለማንሳት ፈቃዳቸውን ሰጥተውኛል።