የጀነሪክ ሊስትና የባለብዙ ልኬት አሬይ ጥምረት በጃቫ

በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ብዙ እሴቶችን በአንድ ስም ሥር ለመያዝ በስፋት የሚያገለግሉት ርዝመቱ ሲፈጠር ተወስኖ የማይለወጠው አሬይና እንደ አስፈላጊነቱ የሚረዝመውና የሚያጥረው ሊስት ናቸው። አሬይ በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከወጣው የመጀመሪያ እትም ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ አንድ ሊስት የሚይዘው ምን ዓይነት እሴት እንደሆነ በኮዱ ላይ ለማወጅ የሚያስችለው የጀነሪክስ ሥርዓት ግን የተጨመረው በ2004 ከአምስተኛው እትም ጋር ነው። ሁለቱን ማጣመር አስቸጋሪ የሚሆነውም በዋናነት እነዚህ መዋቅሮች በተለያየ ዘመንና በተለያየ እሳቤ በመነደፋቸው ነው።

አሬይ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ የአባላቱን ዓይነት ያውቃል። የስትሪንግ አሬይ እንደ ኦብጀክት አሬይ ተቆጥሮ ቁጥር ሊገባበት ቢሞከር፣ ኮዱን ወደ ባይትኮድ የሚለውጠው ኮምፓይለር ባይከለክልም፣ በሥራ ላይ ያለው አሬይ ራሱ እሴቱን አልቀበልም ብሎ ስሕተት ያስነሳል። ጀነሪክ ሊስት በአንጻሩ ዓይነቱ የሚመረመረው በኮምፓይለሩ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዓይነቱ መረጃ ስለሚደመሰስ የስትሪንግ ሊስትና የቁጥር ሊስት በሥራ ላይ አንዱ ከሌላው አይለዩም። ስለዚህ የስትሪንግ ሊስቶችን የሚይዝ አሬይ መፍጠር ቢፈቀድ ኖሮ፣ የቁጥር ሊስት ሾልኮ ሲገባበት አሬዩ «ሊስት ነው» ብሎ ይቀበለው፣ ስሕተቱም ከምንጩ ርቆ፣ እሴቱ በሚነበብበት ቦታ ይፈነዳ ነበር። ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለውን አሬይ በቀጥታ መፍጠርን የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነውና ክልከላው ጥበቃ እንጂ ጉድለት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ችግሩ በባለሁለት ልኬት አሬይ ላይ ይበልጥ ይጎላል። ለምሳሌ አንድ ካርታ 100 በ100 በሆኑ ህዋሶች ተከፍሎ እያንዳንዱ ህዋስ በውስጡ የሚገኙ ነጥቦችን ሊስት እንዲይዝ ቢፈለግ፣ ፕሮግራመሩ ዓይነት ያልታወጀለት የሊስት አሬይ ፈጥሮ የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያ ለመቀበል ይገደዳል። በጃቫ ባለሁለት ልኬት አሬይ የአሬዮች አሬይ በመሆኑ ሲፈጠር የሚገኙት 10,000 ባዶ ቦታዎች እንጂ 10,000 ሊስቶች አይደሉም፤ ሊስቶቹን በድርብ ዑደት አንድ በአንድ መፍጠር የግድ ነው። ይህን ለማሳጠር ፊል የተባለው የአሬይ መሙያ ዘዴ በአንድ ሊስት እያንዳንዱን ረድፍ ሲሞላ በረድፉ ያሉት ህዋሶች ሁሉ ያንኑ አንድ ሊስት ይጋራሉ፤ በአንዱ ህዋስ የተጨመረ ነጥብ በሌሎቹም ይታያል፤ ማስጠንቀቂያም ሆነ የስሕተት መልእክት ስለማይኖር ይህ ከሁሉም በላይ አድካሚው ስሕተት ነው።

አቅጣጫው ተገልብጦ አሬዮች በሊስት ውስጥ ሲቀመጡ የዓይነት ችግሩ ይወገዳል፤ የኢንት አሬይ፣ ባለሁለት ልኬትም ቢሆን፣ ሙሉ ዓይነቱን ይዞ ስለሚኖር ሊስቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስተናግደዋል። ሆኖም ሊስቱ አባላቱን ሲያነጻጽር የአሬዮችን ማንነት እንጂ ይዘት ስለማይመለከት፣ ይዘትን ለማነጻጸር ለባለአንድ ልኬት ኢኩዋልስ፣ ለባለብዙ ልኬት ደግሞ ዲፕኢኩዋልስ የተባሉትን የአሬይስ ክላስ ዘዴዎች መጠቀም ያስፈልጋል። ባለሁለት ልኬት አሬይን በክሎን መቅዳትም የውጭውን ሽፋን ብቻ የሚገለብጥ በመሆኑ ረድፎቹ ከዋናው ጋር የጋራ ሆነው ይቀራሉ።

ሊስትን በሊስት ውስጥ መደርደር በዓይነት ረገድ ንጹሕ ቢሆንም፣ ኢንትን በቀጥታ መያዝ ስለማይችል እያንዳንዱን ቁጥር በኢንቲጀር ነገር መጠቅለልን ይጠይቃል፤ ብዛት ላለው የቁጥር ሥራም ይህ ትልቅ ወጪ ነው። ለካርታው ዓይነት ቋሚ መጠን ላለው መዋቅር የተሻለው መንገድ ባለአንድ ልኬት ሊስት ይዞ የህዋሱን ቦታ የረድፉን ቁጥር በስፋቱ አባዝቶ ዓምዱን በመደመር የሚያሰላ፣ ውስጣዊ አሠራሩንም ከተጠቃሚው የሚደብቅ ክላስ መጻፍ ነው። አሬይ የግድ ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ ሊያረጋግጠው የማይችለው የዓይነት ለውጥ በዚሁ ክላስ ውስጥ በአንድ ጠባብ ቦታ ይገደብ፤ የጃቫው አሬይሊስትም ራሱ የኦብጀክት አሬይ በውስጡ ይዞ ለውጡን የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።