ቀለሁን ማን ይሙላው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በሌላው ዓለም አዳኞች በተገናኙ ቁጥር የማያልቅ ክርክር አላቸው፦ ለአጋዘን የሚሻለው የትኛው ጥይት ነው? ወፍራሙ ወይስ ቀጭኑ? ከፋብሪካ የመጣው ወይስ አዳኙ ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ የሞላው? ክርክሩ የቅንጦት ይመስላል። ዳሩ ግን ይኸው ጥያቄ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆአችንም ረዥም ታሪክ አለው። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ሳይሆን «የቱ ተገኘ?» መሆኑ ነው። ከዚያም ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፦ ቀለሁ ባዶ ሲሆን የሚሞላው ማን ነው?

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ፈረንጅ አገር የሚታደነው፣ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ መልሶ የሚያበቅለው እንስሳ እኛ ጋ የለም። የኛ አጋዘን ቀንዱ ጠምዛዛ ነው፤ ዕድሜ ልኩንም አይወልቅም። ከሸለቆው በላይ በአርሲና በባሌ ተራሮች ደጋ አጋዘን፣ በቁጥቋጦው ድኩላ፣ በአዋሽ ሜዳ ሳላ፣ በሻሸመኔ አካባቢ ቆርኬ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ የጥይትን ታሪክ በገላቸው ያዩ ናቸው።

ታዲያ ጥይት ራሷ መቼ መጣች? ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ፣ የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ከቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተጋጠመ። የጠመንጃው ስም ስናይደር ነበር፤ ያገራችን ሰው «ሰናድር» አለው። በ1868 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራዕ ግብፆችን ድል ሲያደርጉ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። ቀጥሎ የፈረንሳዩ ግራ ጎረፈ፤ «ፉዚ ግራ» በኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። የማንሊኸር ጠመንጃ ምንሽር፣ የቤልጅጉ በልጅግ ተባለ። ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ 2,000 ያህል ጠመንጃ ለመሸጥ በረሃውን አቋርጦ ሸዋ ድረስ መጥቷል። በንግዱ ግን አልቀናውም።

አሁን ወደ ቀለሁ እንመለስ። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 25 ግራም የሚመዝን ራቁት እርሳስ፣ ከበስተኋላውም ጥቁር ባሩድ ነበራት። ይህን ልብ በሉ፦ እርሳስ በመንደር እሳት ይቀልጣል፤ ባሩድም ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ጨው ባገር ባለሙያ ይቀመም ነበር። ከውጪ የምትመጣው ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ትንሿ መለኮሻ ናት። ስለዚህ ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። እጅ የሞላው ጥይት እርግጥ ከፋብሪካው ደከም ይላል፤ ጢሱ ዓይን ይጋርዳል፤ አንዳንዴም ይከሽፋል። ቢሆንም የአዳኙ የራሱ ነው። ጥይት ውድ ስለነበረች በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው በዝርዝር ገንዘብነት ታገለግል ነበር። ኪሱ ያለውን ገንዘብ ወደ ጫካ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይተኩስም፤ ይጠጋል፣ ያነጣጥራል፣ ይቆጥራል።

ይህን ስንል ግን ያንን ዘመን ማቆንጀት የለብንም። ጥይቷ በማን እጅ ነበረች? የአርሲ ኦሮሞ ለዓመታት በጦርና በጋሻ፣ በፈረስም ተከላክሎ፣ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ በጠመንጃ ኃይል ተሸነፈ። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከነፍጥ የመጣ ነው። መሬቱም፣ ገባሩም፣ የዱር አራዊቱም በአንድነት ጠመንጃ ላለው ተገዙ። እንግዲህ የአደን ጥይት ታሪክ ከመሬት ታሪክ ተለይቶ አይጻፍም።

ቀጭኗ ጥይት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ጢስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ወጣ። የጣልያኑ ካርካኖ እ.ኤ.አ. በ1891 ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ወረደ። የውጅግራ እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ሲሄድ፣ ከ10 ግራም ትንሽ የምትበልጠው የካርካኖ አረር 700 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ቀላል ናት፣ ሩቅ ትደርሳለች፣ ጢስ የላትም፤ ዝናርም አታከብድም። ታዲያ ምን ቸገረን? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጢስ አልባው ባሩድ በአሲድ ከተነከረ ጥጥ የሚወጣ የፋብሪካ ሥራ ነው። በዚያ ፍጥነት ደግሞ ራቁት እርሳስ በቧንቧው ውስጥ ስለሚላጥ መዳብ ነክ ልባስ ያሻዋል። የመንደሩ እጅ ከዚህ አልደረሰም። ቀለሁ መለቀሙን ተወ።

ባቡሩ በአዳማ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የጥይቱ በርም ጅቡቲ ሆነ። በር ደግሞ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ሊወረን ሲዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይገባ አገዱ። ዓይነቱ ብዙ፣ ጥይቱ ጥቂት የሆነ ጠመንጃ ይዘን ቀረን። ለካ የቀለሁ ጥያቄ የነፃነትም ጥያቄ ነበር!

ከጦርነቱ በኋላ የቀረውን መሣሪያ ለአደን ያዋለ ሰው የጦር ሜዳ ጥይት ነው የተኮሰው። እዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ ስምምነት በሰው ገላ ውስጥ የሚዘረጋ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከለከለ። ለእንስሳ ግን ምሕረቱ ተቃራኒው ነው። ሙሉ ልባስ ያላት ቀጭን አረር ወጋ አድርጋ ታልፋለች፤ አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ይገባና በስቃይ ይሞታል፤ ሥጋውም ለጅብ ይሆናል። አፏ ለስላሳ የሆነችው ግን ገብታ ስለምትዘረጋ ቶሎ ትጥላለች። በቀጭን ጥይት ብዙ ዝሆን የጣለው ስኮትላንዳዊው ካራሞጆ ቤል እንኳ የሚመካው በጥይቱ ጉልበት ሳይሆን የእንስሳውን አካል ጠንቅቆ በማወቁ ነበር።

ደጋ አጋዘንን የፈረንጅ ሳይንስ ያወቀው በጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሜጀር አይቨር በክስተን ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች አንዱን ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ሊደከር የተባለው ሊቅ በገዳዩ ስም ሰየመው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ እንስሳ፣ የአርሲ እረኛ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው፣ በመዝገብ የተጻፈው በተኳሹ ስም ነው። ዛሬም በሙነሳ ጥብቅ የአደን ቀበሌ በፈቃድና በብዙ ዶላር የሚያድነው የውጪ ሰው ነው።

የከፋው ግን ጥይት የረከሰበት ወቅት ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓት ሲለወጥ፣ ክላሽ በየእጁ በነበረበት ግርግር፣ በባሌ ደጋ አጋዘን፣ በሰንቀሌም ቆርኬ ክፉኛ አለቁ። ያኔ ማንም ቀለህ አልቆጠረም። ቀለሁን ጎንበስ ብሎ የማያነሳ ተኳሽ፣ የገደለውንም አይቆጥርም።

እንግዲህ መልሳችን ወደ ጥቁር ባሩድ እንመለስ አይደለም፤ ጠመንጃ ይብዛም አይደለም። የምንለው፣ የእያንዳንዱን ተኩስ ዋጋ የሚያውቅና የሚጠየቅበት ሰው ይኑር ነው። ትናንት ያስቆጠረን ችግር ነበር፤ ዛሬ ሕግና ኅሊና ሊያስቆጥረን ይገባል። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ፣ ከአሮጌ ዝናር ውስጥ የቀረች የውጅግራ ቀለህ ካገኛችሁ አትጣሏት። አባቶችን ጠይቁ፦ ማን ሞላት? በማንስ ላይ ተተኮሰች? ያልተጻፈው ታሪካችን እዚያች ባዶ ናስ ውስጥ አለ።