የ1998 የእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን የፕሌይ ኦፍ ፍጻሜ

የ1998 የእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን የፕሌይ ኦፍ ፍጻሜ ቻርልተን አትሌቲክ እና ሰንደርላንድ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ ያደረጉት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ጨዋታው የተካሄደው ሰኞ ግንቦት 17 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1998) ለንደን ውስጥ በሚገኘው በቀድሞው ዌምብሊ ስታዲየም ሲሆን 77,739 ተመልካቾች ተገኝተዋል። መደበኛው 90 ደቂቃ 3 ለ 3፣ ተጨማሪው 30 ደቂቃ ደግሞ 4 ለ 4 በሆነ ውጤት ተጠናቀቀ። በመለያ ምት ቻርልተን 7 ለ 6 አሸንፎ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የቻርልተኑ አጥቂ ክላይቭ ሜንዶንሳ በጨዋታው ሦስት ግቦችን አስቆጥሯል። የመጨረሻውን ምት ያዳነው የቻርልተን ግብ ጠባቂ ሳሻ ኢሊች ሲሆን ምቱን የመታው የሰንደርላንድ ተከላካይ ማይክል ግሬይ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የፕሌይ ኦፍ አሠራር

በዚያን ጊዜ አንደኛ ዲቪዚዮን ተብሎ የሚጠራው ውድድር ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው የሊግ ደረጃ ነበር። በሊጉ 24 ክለቦች ሲሳተፉ እያንዳንዱ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን 46 ጨዋታዎችን ያደርጋል። አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የሚጨርሱት ሁለት ክለቦች በቀጥታ ያድጋሉ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት አራቱ ደግሞ ለቀረው አንድ ቦታ በፕሌይ ኦፍ ይወዳደራሉ። ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር የደርሶ መልስ ግማሽ ፍጻሜ ካደረጉ በኋላ አሸናፊዎቹ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ይገናኛሉ።

ፕሌይ ኦፍ በእንግሊዝ ሊግ የተጀመረው በ1986–87 የውድድር ዘመን ነው። ከ1990 ጀምሮ ፍጻሜው በዌምብሊ በአንድ ጨዋታ የሚወሰን ሆነ። በዚህ አሠራር ሦስተኛ ሆኖ የጨረሰ ክለብ ከስድስተኛው በብዙ ነጥብ ቢበልጥም በፍጻሜው ከተሸነፈ እዚያው ይቀራል። በሊጉ የሰበሰበው ነጥብ ለፍጻሜው አይቆጠርለትም።

ሁለቱም ክለቦች ከ1998 በፊት ፕሌይ ኦፍን ያውቁታል። ቻርልተን በ1987 ሊድስ ዩናይትድን አሸንፎ በከፍተኛው ሊግ ቆይቷል። ሰንደርላንድ ግን በዚያው ዓመት በጊሊንግሃም ተሸንፎ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወርዷል። በ1990 ደግሞ ሰንደርላንድ በፍጻሜው በስዊንደን ታውን 1 ለ 0 ቢሸነፍም፣ ስዊንደን በገንዘብ አከፋፈል ጥፋት ስለተቀጣ በምትኩ ለማደግ በቅቷል።

ወደ ፍጻሜው የተደረገ ጉዞ

ሰንደርላንድ በ1996–97 በ40 ነጥብ ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ ነበር። በ1997 ከ1898 ጀምሮ ይጫወትበት ከነበረው ከሮከር ፓርክ ለቅቆ ስታዲየም ኦፍ ላይት ወደተባለው አዲስ ሜዳው ገባ። በአሰልጣኝ ፒተር ሪድ የሚመራው ቡድን ጥቃቱን የሚያካሂደው በረጅሙ አየርላንዳዊ አጥቂ በኒያል ክዊን እና በፈጣኑ ኬቪን ፊሊፕስ ጥምረት ነበር። ፊሊፕስ በዚያ የውድድር ዘመን በሁሉም ውድድሮች 35 ግቦችን አስቆጥሯል።

ቻርልተን በደቡብ ምሥራቅ ለንደን የሚገኝ ክለብ ነው። በ1985 በገንዘብና በሜዳ ችግር ምክንያት ከቫሊ ስታዲየሙ ወጥቶ ለሰባት ዓመታት ያህል በሌሎች ክለቦች ሜዳ ለመጫወት ተገደደ። ደጋፊዎቹ ክለቡን ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲታገሉ በ1990 በግሪንዊች አካባቢ ምርጫ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ተወዳድረዋል፤ ወደ 15,000 የሚጠጋ ድምፅም አግኝተዋል። ክለቡ ወደ ቫሊ የተመለሰው በዲሴምበር 1992 ነው። በከፍተኛው ሊግ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1989–90 ስለነበር ፕሪሚየር ሊግ ከተመሠረተ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተሳተፈበትም ነበር። አሰልጣኙ አለን ከርቢሽሊ ነበሩ።

በ1997–98 የሊጉ የመጨረሻ ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ክለቦች የሚከተሉት ነበሩ።

1. ኖቲንግሃም ፎረስት፣ 94 ነጥብ
2. ሚድልስብሮ፣ 91 ነጥብ
3. ሰንደርላንድ፣ 90 ነጥብ
4. ቻርልተን አትሌቲክ፣ 88 ነጥብ
5. ኢፕስዊች ታውን፣ 83 ነጥብ
6. ሼፊልድ ዩናይትድ፣ 74 ነጥብ

ሰንደርላንድ በቀጥታ ከማደግ የቀረው በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቻርልተን ኢፕስዊችን በሁለቱም ጨዋታዎች 1 ለ 0 አሸነፈ። ሰንደርላንድ በሼፊልድ ዩናይትድ ሜዳ 2 ለ 1 ቢሸነፍም በሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ በድምር ውጤት 3 ለ 2 አለፈ።

ጨዋታው

ጨዋታውን የመሩት ዳኛ ኤዲ ዎልስተንሆልም ነበሩ። የመጀመሪያውን ግብ በ23ኛው ደቂቃ ለቻርልተን ያስቆጠረው ሜንዶንሳ ነው። ሜንዶንሳ በ1997 ከግሪምስቢ ታውን የመጣ አጥቂ ሲሆን ያደገው በሰንደርላንድ ከተማ ነው። ከልጅነቱም ጀምሮ የሰንደርላንድ ደጋፊ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ በቻርልተን 1 ለ 0 መሪነት ተጠናቀቀ።

ከእረፍት መልስ ሰንደርላንድ በፍጥነት ውጤቱን ቀለበሰ። በ50ኛው ደቂቃ ክዊን ከማዕዘን ምት የተሻገረውን ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አቻ አደረገ። በ58ኛው ደቂቃ ፊሊፕስ ኳሷን ከኢሊች በላይ አሳልፎ ሁለተኛውን ጨመረ። በ71ኛው ደቂቃ ሜንዶንሳ ከኋላ የተላከለትን ረጅም ኳስ ተቆጣጥሮ 2 ለ 2 አደረገ፤ ነገር ግን ክዊን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሰንደርላንድን እንደገና ወደ መሪነት መለሰ። ፊሊፕስም ብዙም ሳይቆይ ተቀይሮ ወጣ።

ጨዋታው ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቻርልተን የማዕዘን ምት አገኘ። የሰንደርላንዱ ግብ ጠባቂ ሊዮኔል ፔሬዝ ኳሷን ለማውጣት ከግቡ ወጥቶ ሳይደርስባት ቀረ፤ ተከላካዩ ሪቻርድ ሩፈስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ። ይህ ሩፈስ ለቻርልተን ያስቆጠረው የመጀመሪያ ግብ ነበር።

በተጨማሪው ሰዓት በ99ኛው ደቂቃ ኒኪ ሰመርቢ ሰንደርላንድን 4 ለ 3 እንዲመራ አደረገ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ሜንዶንሳ ከክንፍ የተሻገረለትን ኳስ ተቆጣጥሮ ከቅርብ ርቀት በመምታት ሦስተኛ ግቡን አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ግብ ሳይቆጠር 120 ደቂቃው አለቀ።

የግቦቹ ቅደም ተከተል

23ኛው ደቂቃ፦ ሜንዶንሳ (ቻርልተን 1 – 0 ሰንደርላንድ)
50ኛው ደቂቃ፦ ክዊን (1 – 1)
58ኛው ደቂቃ፦ ፊሊፕስ (1 – 2)
71ኛው ደቂቃ፦ ሜንዶንሳ (2 – 2)
73ኛው ደቂቃ፦ ክዊን (2 – 3)
85ኛው ደቂቃ፦ ሩፈስ (3 – 3)
99ኛው ደቂቃ፦ ሰመርቢ (3 – 4)
103ኛው ደቂቃ፦ ሜንዶንሳ (4 – 4)

የመለያ ምቱ

በመለያ ምት እያንዳንዱ ቡድን በየተራ አምስት አምስት ምት ከ11 ሜትር ርቀት ይመታል። ከአምስቱ በኋላም እኩል ከሆኑ አንዱ አስቆጥሮ ሌላው እስኪስት ድረስ አንድ አንድ እየመቱ ይቀጥላሉ። የቡድን ጓደኞቹ ሁሉ መትተው ሳይጨርሱ ማንም ተጫዋች ሁለተኛ ጊዜ አይመታም። በመለያ ምት የሚቆጠሩ ግቦች በጨዋታው ውጤት ላይ አይደመሩም፤ ስለዚህ ይህ ጨዋታ በመዝገብ ላይ 4 ለ 4 አቻ ተብሎ ተይዟል።

ቀድሞ የመታው ቻርልተን ነበር። የመጀመሪያዎቹ 13 ምቶች ሁሉም ከመረብ አረፉ።

1ኛ ዙር፦ ሜንዶንሳ አስቆጠረ፤ ሰመርቢ አስቆጠረ (1 – 1)
2ኛ ዙር፦ ስቲቭ ብራውን አስቆጠረ፤ አላን ጆንስተን አስቆጠረ (2 – 2)
3ኛ ዙር፦ ኪት ጆንስ አስቆጠረ፤ ኬቪን ቦል አስቆጠረ (3 – 3)
4ኛ ዙር፦ ማርክ ኪንሴላ አስቆጠረ፤ ክሪስ ማኪን አስቆጠረ (4 – 4)
5ኛ ዙር፦ ማርክ ቦወን አስቆጠረ፤ አሌክስ ሬይ አስቆጠረ (5 – 5)
6ኛ ዙር፦ ጆን ሮቢንሰን አስቆጠረ፤ ክዊን አስቆጠረ (6 – 6)
7ኛ ዙር፦ ሾን ኒውተን አስቆጠረ፤ ግሬይ ሳተ (7 – 6)

ቀድሞ የሚመታው ቡድን እስካልሳተ ድረስ ቀጥሎ የሚመታው ከአምስተኛው ምት ጀምሮ የመሳሳት ዕድል የለውም። በዚህ ጨዋታ ሬይ፣ ክዊን እና ግሬይ ወደ ኳሷ ሲሄዱ ቢስቱ የውድድር ዘመኑ በዚያው እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር፤ የቻርልተን ተጫዋቾች ግን ቢስቱም ከኋላቸው ኢሊች ነበረላቸው። ሁለቱ ቀዳሚዎች ተሳካላቸው። ምቶቹ ሰባተኛው ዙር ሲደርሱ ተራው የግራ መስመር ተከላካዩ የግሬይ ሆነ። ግሬይ ኳሷን በዝቅታ መታ፤ ምቱ ኃይል ስላልነበረው ኢሊች ተወርውሮ ያዘው።

ግሬይ በሰንደርላንድ ተወልዶ ያደገና በዚያው ክለብ የተጫዋችነት ሕይወቱን የጀመረ ተጫዋች ነው። በዚህ ምክንያት በዚያ ቀን የሰንደርላንድ ልጅ የሆነው ሜንዶንሳ የልጅነት ክለቡን ከማደግ ሲያስቀር፣ ሌላው የሰንደርላንድ ልጅ ግሬይ ደግሞ ወሳኙን ምት ስቷል።

ከጨዋታው በኋላ

ቻርልተን በፕሪሚየር ሊግ በሜዳው ያደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታ ነሐሴ 16 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1998) ሳውዝሃምፕተንን 5 ለ 0 በማሸነፍ ጀመረ። በዚህም ጨዋታ ሜንዶንሳ ሦስት ግቦችን አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ክለቡ በዓመቱ መጨረሻ በ36 ነጥብ 18ኛ ሆኖ ወረደ። በ1999–2000 የአንደኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰና እስከ 2007 ድረስ በፕሪሚየር ሊግ ቆየ፤ በ2003–04 ሰባተኛ ሆኖ ጨርሷል። ሜንዶንሳ ግን በጉዳት ምክንያት ከእግር ኳስ ቀደም ብሎ ለመሰናበት ተገዷል።

ሰንደርላንድ በ1998–99 በአንደኛ ዲቪዚዮን ቀርቶ 46 ጨዋታዎች ሲያደርግ የተሸነፈው በሦስቱ ብቻ ነው። በ105 ነጥብ ሻምፒዮን በመሆንም ያለ ፕሌይ ኦፍ አደገ። ይህ ነጥብ በወቅቱ የእንግሊዝ ሊግ ክብረ ወሰን ነበር። በ1999–2000 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመልሶ ሰባተኛ ሲሆን፣ ፊሊፕስ በ30 ግቦች የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆኖ የአውሮፓ የወርቅ ጫማን ተሸልሟል። ግሬይም ምቱን ከሳተ አንድ ዓመት ሳይሞላው በኤፕሪል 1999 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ተጫውቷል።

ስለዚህ ጨዋታው ለቻርልተን የሰጠው የአንድ ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ቆይታ ሲሆን ሰንደርላንድን ያዘገየውም አንድ ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000–01፣ ሁለቱም ክለቦች በፕሪሚየር ሊግ ይጫወቱ ነበር።

የ2019 ዳግም ግንኙነት

ሁለቱ ክለቦች ከ21 ዓመት በኋላ ግንቦት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2019) በአዲሱ ዌምብሊ ስታዲየም በፕሌይ ኦፍ ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም በሦስተኛው ደረጃ በሊግ ዋን ይጫወቱ ነበር። ሰንደርላንድ በአምስተኛው ደቂቃ ቻርልተን በራሱ ግብ ላይ ባስቆጠረው ግብ ቢመራም ቤን ፐሪንግተን በ35ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሊያመራ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ተከላካዩ ፓትሪክ ባወር አስቆጥሮ ቻርልተን 2 ለ 1 አሸነፈ። ቻርልተንም ለሁለተኛ ጊዜ ሰንደርላንድን በዌምብሊ አሸንፎ አደገ፤ በዚህኛው ግን መለያ ምት አላስፈለገም።