ለቪዲዮ ጨዋታ የፕሮግራም ቋንቋ መምረጥ

ለቪዲዮ ጨዋታ የፕሮግራም ቋንቋ የሚመረጠው ጨዋታው የሚሠራበት መሣሪያ፣ የሚፈልገው ፍጥነትና የሠሪዎቹ ልምድ ታይቶ ነው። በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመረጠው የጨዋታ ሞተሩ ነው፤ ቋንቋው ይከተላል። በዩኒቲ የሚሠራ ጨዋታ በሲ ሻርፕ፣ በአንሪል የሚሠራ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በጎዶት የሚሠራ ደግሞ በዋናነት በሞተሩ በራሱ ቋንቋ በጂዲስክሪፕት ይጻፋል።

ታሪክ

የመጀመሪያው የቪዲዮ ጨዋታ የትኛው ነው በሚለው ላይ ስምምነት የለም። አንዳንዶች በ1952 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ የተሠራውን ኦክስኦ፣ ሌሎች የ1958ቱን «ቴኒስ ፎር ቱ» ያስቀድማሉ። ሁለተኛው በአናሎግ ኮምፒውተር ስለተሠራ የተጻፈ ኮድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምም። በ1962 የወጣው «ስፔስዋር» በአሰምብሊ ተጽፏል። በ1993 የወጣው «ዱም» በአብዛኛው በሲ ተሠራ፤ በ1999 የታየው «ሮለርኮስተር ታይኩን» ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላም በአብዛኛው በአሰምብሊ ነው የተጻፈው።

ሉአ

ሉአ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1993 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ብራዚል በኮምፒውተር ምርቶች ላይ ትጥለው የነበረው የንግድ ገደብ ደንበኞች ሶፍትዌር ከውጭ እንዳይገዙ ያደርግ ስለነበር መሣሪያን በአገር ውስጥ መሥራት የተለመደ ነበር። ቋንቋው ትንሽና በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ለመክተት ቀላል በመሆኑ የጨዋታ ሠሪዎች ወደዱት። «ግሪም ፋንዳንጎ» በ1998፣ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በ2004 ተጠቅመውበታል፤ ሮብሎክስም ከእሱ የወጣውን ሉአው ይጠቀማል።

ፊደልና ሐረር

የፕሮግራም ቋንቋዎች በፊደል አያያዝም ይለያያሉ። ለምሳሌ ሐረር ውስጥ ለሚጫወት ሰው የሚሠራ ጨዋታ ሦስት ዓይነት ፊደል ሊገጥመው ይችላል። ሐረሪ (ጌይ ሲናን) ለዘመናት በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ኖሮ አሁን በግዕዝ ፊደልም ይጻፋል። አማርኛ በግዕዝ፣ ከሐረሪ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ የሆነው ኦሮምኛ ደግሞ በላቲን ይጻፋሉ።

የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። «ሐረር» የሚለውን ቃል ርዝመት ሲጠየቁ ፓይተን 3፣ ሲ ሻርፕና ጃቫስክሪፕት 3 ይመልሳሉ። የሲ «ስትርሌን» እና የሉአ የርዝመት ምልክት ግን 9 ይላሉ። ንግግርን ፊደል በፊደል እያሳየ የሚሄድ ጨዋታ በባይት ከቆጠረ ፊደሉን ከመሐሉ ይቆርጠዋል፤ ተጫዋቹም ትርጉም የለሽ ምልክት ያያል። ከሉአ 5.3 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ቤተ መጻሕፍት አለ። ፓይተን 3 ተለዋዋጭን «ነጥብ» ብሎ መሰየምም ይፈቅዳል፤ መደበኛው ሉአ አይፈቅድም።

ዩኒቲ ጽሑፍ ለማሳየት የሚጠቀምበት የቴክስትሜሽፕሮ ነባሪ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት መጨመር ያስፈልጋል። የዐረብ ፊደል ይብሳል፦ ፊደሎቹ መያያዝና ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ አለባቸው። ጎዶት 4 ይህን በ2023 አካትቶታል። ጽሑፍ ለሚበዛበት አነስተኛ ጨዋታ፣ ቢያንስ በዚህ መለኪያ፣ የተሻለው እሱ ይመስላል።

በኢትዮጵያ

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ከምትሸሽ ዶሮ ጋር የሚያስሮጠውን «ኩኩሉ»ን እንዲሁም «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል። በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አንድሮይድን በኮትሊን ያስተምራል፤ ኮትሊን ለመተግበሪያ እንጂ ለጨዋታ የተለመደ ምርጫ አይደለም።

ፈቃድና ዋጋ

ዩኒቲ በ2023 በጨዋታ ጭነት ልክ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታውቆ በ2024 ሰርዞታል። ጎዶት በኤምአይቲ ፈቃድ ያለ ክፍያ ይሰጣል።