የድሮ ፒካፕ ሞተር መቀየር፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የድሮ ሃይሉክስ፣ ሞጆን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ መፍላት ከጀመረ ለባለቤቱ ነገሩ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ነው።

የአንዳችን አባት እዚህ ደርሰው ነበር። ያገለገለ ሞተር ገዝተው አስገጠሙ፣ መኪናውም እንደ አዲስ ሄደላቸው። የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ግን የሞተሩ ቁጥርና ሊብሬው ላይ የተጻፈው አልገጠመም። ሻጩ ወረቀት አልሰጣቸውም ነበር፣ ስልኩም ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ደህና የሚሠራ መኪና ለሁለት ወር ገደማ ግቢ ውስጥ ቆመ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ብዙ ሰው ያለውን አድሶ መንዳት መርጧል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምሳሌ የምናደርገው በየከተማው የምታዩትን የድሮውን የናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለአይሱዙም ለሌላውም ይሠራል።

1. እውነት ችግሩ ሞተሩ ነው?

"ሞተሩ አልቋል" ማለት ቀላል ነው። ከማውረዳችሁ በፊት እነዚህን አስፈትሹ፦

👉 ጉልበት ካነሰ፦ የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ፣ ኢኔቶሬ፣ የነዳጅ ፖምፓ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሊሆን ይችላል።

👉 ከፈላ፦ የተደፈነ ራዲያቶር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ የላላ ቺንጋ። የራዲያቶር ክዳኑንም አትናቁት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ክዳኑ ከደከመ ጤነኛ ሞተርም ይፈላል።

👉 ጭሱን እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ ከሆነና ውሃም እየቀነሰ ከሆነ ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታ ተጠርጣሪ ነው።

ዋናው ፍርድ ግን የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። የቶዮታ ኤል ሞተሮች ጤነኛ ሲሆኑ 30 ባር ገደማ ያሳያሉ። ወደ 20 ባር ከወረደ፣ ወይም በሲሊንደሮቹ መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ሞተሩ በእርግጥ ደክሟል ማለት ነው። ሳይለካ "ይቀየር" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ መካኒክ ጠይቁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ፦ "እንዳይፈላ" ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ስህተት ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአቋራጭ እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋል። ከወጣ ከውሃው የተወሰነው ራዲያቶሩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይዞራል። አሮጌውን በአዲስ ቀይሩት እንጂ አትጣሉት።

2. ማደስ ወይስ መቀየር?

ማደስ ማለት ሞተሩ ተፈቶ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካክሎ፣ አዲስ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚን ገብቶለት መመለስ ነው። ጊዜ ይወስዳል። ጥቅሙ የሞተር ቁጥሩ አይለወጥም፣ ውስጡ የገባውንም ታውቃላችሁ።

መቀየር ፈጣን ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ጋራዥ ዕቃው ከተሟላ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ጉዳቱ የሰው ሞተር ውስጡ እንዴት እንደኖረ አለመታወቁ ነው።

የኛ መለኪያ፦ የሞተሩ አካል ካልተሰነጠቀና ጥሩ ቶርኖ ቤት ካላችሁ ማደስ ይሻላል። አካሉ ከተበላሸ ወይም በትልቅ ሞተር ማሳደግ ከፈለጋችሁ መቀየር።

3. የትኛው ሞተር ይገጥማል?

ወርቃማው ሕግ፦ ከዚያው ቤተሰብ ምረጡ። የድሮ ናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ ሦስት ወንድማማቾች አሉ፦

✅ 2ኤል፦ 2,446 ሲሲ፣ በግምት 80 የፈረስ ጉልበት። አንዴ በደንብ ከፈላ ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታማል።
✅ 3ኤል፦ 2,779 ሲሲ፣ 90 ገደማ።
✅ 5ኤል፦ 2,986 ሲሲ፣ ወደ 100 ገደማ።

ሦስቱም አንድ ዘር ስለሆኑ 2ኤልን አውርዶ 3ኤል ወይም 5ኤል መግጠም ብዙ ብየዳ አይጠይቅም፤ ብዙውን ጊዜ የነበረው ካምቢዮ ይገጥማል። ቢሆንም የዘይት መያዣውን ቅርፅ፣ ቮላኖውንና የካንዴላውን ቮልት አመሳክሩ። የነዳጅ ፖምፓውም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይምጣ፤ የትንሹ ሞተር ፖምፓ ለትልቁ የተስተካከለ አይደለም።

"1ኬዲ ብናስገባስ?" የሚል አይጠፋም። ጉልበቱ በጣም ይበልጣል፣ ቱርቦም አለው። ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ነው። ኮምፒውተሩን፣ ሙሉ ሽቦውን፣ ሴንሰሮቹንና የጋዝ ፔዳሉን ሁሉ ከአንድ መኪና ላይ አሟልታችሁ ካላገኛችሁ ጋራዥ ውስጥ ወራት ትቀመጣላችሁ። ኢኔቶሬዎቹም ቆሻሻ ናፍጣ አይወዱም። ለሥራ መኪና ቀላሉ ሞተር ይበጃል።

ከፍታንም አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 20 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። 100 የተባለው 5ኤል እዚህ 80 ገደማ ቢሰጣችሁ ተታላችሁ ማለት አይደለም።

4. ያገለገለ ሞተር ስትገዙ

ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ከመካኒካችሁ ጋር ሂዱ። እዚያው፦

👉 የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ ጥላችሁ ሂዱ።
👉 በፑሌጃው በኩል በቁልፍ ሙሉ ዙር አዙሩት። መንካት ወይም መያዝ የለበትም።
👉 ከተቻለ ተነስቶ ስሙት፣ ኮምፕሬሽንም አስለኩ።
👉 በቀለም አብረቅርቆ የቆመ ሞተር አያታላችሁ፤ ቀለም ፍሳሽ ይሸፍናል።
👉 የሞተር ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብቡ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትንኩት። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

5. ከወረደ አይቀር

ሞተሩ ውጭ እያለ በትንሽ ብር የሚሠራ ሥራ ከተገጠመ በኋላ እንደገና ማውረድ ይጠይቃል። ስለዚህ አብራችሁ ቀይሩ፦ የታይሚንግ ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ፓራሊዮዎች፣ የሞተር ሱፖርቶች፣ የፍሪሲዮን ዲስክ። ራዲያቶሩም ይታጠብ።

የታይሚንግ ቺንጋው ላይ አትቆጥቡ። በተለምዶ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከተበጠሰ ፒስተንና ባልቦላ ይጋጫሉ፣ አዲስ ያላችሁት ሞተርም በአንድ ቅጽበት ያበቃለታል። የመጣው ሞተር ላይ ያለው ቺንጋ ስንት ሺህ እንደሄደ ማንም አያውቅም፤ በቃ ቀይሩት።

6. ጉልበት ጨመረ፣ ፍሬኑስ?

ሞተር ስለተለቀ ሻንሲው፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ አልተለወጡም። የተፈቀደው ጭነት ያው የድሮው ነው። ድሮ ዳገት ላይ ያንገራግር የነበረ መኪና አሁን እየሮጠ ሲወጣ "ትንሽ ልጨምርበት" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ችግሩ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሞተር ስትቀይሩ የፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱንና ጎማውን አብራችሁ አስፈትሹ።

7. ወረቀቱ

የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ይጻፋል። ስለዚህ፦

• ከመግዛታችሁ በፊት ፋይላችሁ ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ሞተር ለመቀየር ምን ማሟላት እንዳለባችሁ ጠይቁ።
• ሞተሩ ከውጭ የገባ ከሆነ ዲክላራሲዮን፣ ከአገር ውስጥ መኪና የወረደ ከሆነ የሽያጭ ውልና የዚያን መኪና ማስረጃ ከሻጩ ተቀበሉ። ደረሰኝም።
• ሙሉ ክፍያ ወረቀቱን በእጃችሁ ከያዛችሁ በኋላ። "ነገ አመጣለሁ" አይሠራም።
• ከተገጠመ በኋላ አስመርምራችሁ አዲሱን ቁጥር ሊብሬው ላይ አስጽፉ፣ ለኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ።

ይህ ካልተደረገ ቦሎ ላይ ትቸገራላችሁ፣ መሸጥም ይከብዳል።

8. የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች

ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጭነት አትጫኑ። የሙቀት መለኪያውን ዓይናችሁ አይልቀቀው። በየማለዳው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ዘይትና ውሃ እዩ። 1,000 ሲሞላ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ የላላ ብሎን ካለ አስጠብቁ።

የአንዳችን አባት መኪና አሁን ይሠራል። መጨረሻ ላይ ያዳነው የድሮው ሞተር ነበር፤ ጋራዡ ጥግ ላይ ስለቆየ ታድሶ፣ በራሱ ቁጥር ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ምክራችን፦ አዲሱ ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ ሊብሬው ላይ እስኪጻፍ ድረስ አሮጌውን ሞተር አትሽጡት።

ሴቭ አድርጉት፣ ለሹፌር ወዳጃችሁም ላኩለት። 🙏