ጎጀብ ላይ የተፈታው ጥቁር አንበሳ

ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ተነሥቶ «ጥቁር አንበሳ ተጽፎልኛል» የሚል ታማሚ በጅማ መናኸሪያ ብርቅ አልነበረም። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገራችን የሚሰጠው እዚያ ብቻ ስለነበር፣ የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ በሌሊት አውቶቡስ የሚሳፈረው ብዙ ነበር። ሆስፒታሉ በዘውዱ ዘመን ማብቂያ የልዑል መኮንን መታሰቢያ ተብሎ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ነው የአሁኑን ስም ያገኘው። ስሙ የጦር ስም ነው። ያ ጦር የተፈታው ደግሞ አውቶቡሱ ይሄድበት ከነበረው በተቃራኒው፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲወረድ በሚሻገሩት በጎጀብ ወንዝ ዳር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆለታ ነው። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በጥር 1927 ዓ.ም. ሲከፈት ያስተምሩ የነበሩት ካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሯቸው የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን በወጉ ሳይጨርሱ የጣሊያን ጦርነት ደረሰ። ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ፣ ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ ያቆሙት ዘንድ ታዘዙ፤ አልሆነላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ለቀው ወጡ፤ ጣሊያን በሦስተኛው ቀን ገባ። ከሆለታ የተረፉት ወደ ምዕራብ አቀኑ።

ነቀምቴ ላይ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙንም ጥቁር አንበሳ አሉት። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ እንግሊዝ አገር ተምረው የመጡ የእንስሳት ሐኪም። ከአባላቱ መካከል በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ይልማ ደሬሳ፣ እንዲሁም የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ይገኙበታል። አባታቸው በዚያ ወቅት ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። እንግዲህ ይህ ማኅበር መኳንንት ከየግዛታቸው ያስከተቱት ጭፍራ አይደለም። በደብተርና በእርሳስ ያደጉ፣ ትምህርት ቤታቸውና መሥሪያ ቤታቸው በአንድ ሳምንት የተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው የመሠረቱት። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን፣ ጎሬ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው የቀሩትን፣ መሪ እንዲሆኗቸው የጋበዙትም እነሱ ናቸው።

መተዳደሪያ ደንባቸው ዐሥር አንቀጽ አለው። በእኔ እምነት የማኅበሩ ትልቁ ቅርስ ከተኩሱ ይልቅ ይህ ደንብ ነው። የጦር አዛዡ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ ይላል። ገበሬውን ማንገላታት ይከለክላል፤ ስንቁን ከባላገር ቀምቶ መዝመት የተለመደ በሆነበት ዘመን ይህን በጽሑፍ ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም። የተማረከ ጣሊያን እንዳይበደል ያዝዛል። አባል የሆነ ሰው ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድ፣ በጠላት እጅም እንዳይገባ፣ ከመማረክ ራሱን ማጥፋትን እንዲመርጥ ይደነግጋል። ይህን የመጨረሻውን አንባቢ ልብ ይበል።

በሰኔ 1928 ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ዓላማቸው የወለጋን ባላባቶች ማግባባት ነበር። የጥቁር አንበሳ ሰዎች በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮን እና በአገሩ ስመ ጥር የነበረውን አብራሪ አንቶንዮ ሎካቴሊን ጨምሮ የመጡትን ገደሉ። የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነው። በዚህ ጥቃት ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለ አብ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ነው። ራስ እምሩ ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ ያደረጉት ሙከራ ከሸፈ፤ የምዕራቡም ባላገር አልተቀበላቸውም። ይህን ስንጽፍ አንገታችንን ደፍተን ማለፍ የለብንም። የነፍጠኛ ሥርዓት ያስመረረው ገበሬ የማዕከላዊውን መንግሥት ጦር እንደ ወገን ሊያይ አልቻለም። በጅማ ደግሞ ንጉሡ አባ ጅፋር ካረፉና መንግሥታቸው ራስ ገዝነቱን ካጣ ገና አራት ዓመት ግድም ነበር። ጣሊያን ይህን ቁስል ያውቃል። የአባ ጅፋርን የልጅ ልጅ አባ ጆቢርን ከእስር አውጥቶ በጅማ ሾመ። ስለዚህ ወደ ደቡብ ያፈገፈገው ጦር ከጎሬ በኩል አንድ ጠላት፣ ከጅማ በኩል ሌላ ጠላት ጠበቀው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ዳር ተከበቡ፤ ራስ እምሩም እጃቸውን ሰጡ። ያ አትማረክ የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ተሰበረ። አልፈርድባቸውም፤ ዝናብና ረኃብ ያደከመው ሰው ደንብ ሲጽፍ የነበረው ሰው አይደለም።

ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ። (በሐምሌ 1935 ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ ተወስዶ የቆየው እዚያችው ደሴት ላይ ነበር።) ወጣቶቹ ግን እጃቸውን ሰጥተው አዲስ አበባ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ፣ እነዚህ ምሁራን የበቀሉ ሰለባ ሆኑ። ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለ አብ ተገደሉ። ቢንያምና ዮሴፍም ተገደሉ፤ አባታቸው ለንደን ሳሉ።

እስቲ እናነጻጽር። ቦናያ ላይ ለሞተው ሎካቴሊ የትውልድ ከተማው ቤርጋሞ ሐውልት አቁማለታለች። በሲሲሊ የኮሚሶ አየር ማረፊያ ለረጅም ጊዜ በማልዮኮ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ስሙ በማፍያ እጅ በተገደለው ፖለቲከኛ በፒዮ ላ ቶሬ ሲተካ አገሬው በጋለ ክርክር ተከፋፍሎ ነበር። እኛ ዘንድ ክርክሩም የለም። ለእነ ክፍሌ የቆመው መታሰቢያ የሐኪምና የነርስ መሥሪያ ቤት ነው፤ በየቀኑ በሺዎች አፍ ይጠራል፣ የማን ስም እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የእንስሳት ሐኪም የመሩት ማኅበር ስሙ በሆስፒታል በር ላይ መዋሉን ሳስብ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም እላለሁ። የጎደለው ማብራሪያው ነው። ዐሥሩ አንቀጽና የወደቁት ስም ታካሚው ተራውን በሚጠብቅበት ግድግዳ ላይ ቢሰፍር ወጪው ከአንድ የሰሌዳ ዋጋ አይበልጥም።

ከጅማ፣ ከጅሬን፣ ከጎጀብ ማዶና ማዶ ያላችሁ አንባቢዎችም አላችሁ። ከአያት ከቅድመ አያታችሁ ስለዚያ ታኅሣሥ የሰማችሁት ካለ፣ በየትኛውም ወገን የቆሙ ቢሆኑ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጻፉት፤ ጽፋችሁም ለጅማ ሙዚየም ወይም ለወመዘክር አስረክቡት።